ሪያድ ላይ ለአንድ ዓይነት ሥራ የተለያየ ዋጋ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን እወቁ

ከቆቦ፣ ከሮቢትና ከራያ ቆላ ቀበሌዎች ወደ ሳዑዲ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። ደላላ የማይነግራችሁን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ እዚያ የቤት ሠራተኛ ዋጋ የሚወጣው በሥራው ሳይሆን በፓስፖርቱ ነው።

ሪያድ ያለ አሠሪ ሠራተኛ የሚያስመጣው ሙሳነድ በሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ በኩል ነው። የማስመጫው ዋጋ ጣሪያ በየአገሩ ተለይቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ለፊሊፒንስ 14,700 ሪያል፣ ለኬንያ 9,000፣ ለኡጋንዳ 8,300፣ ለኢትዮጵያ 5,900 ነበር። ይሄ ደመወዝ አይደለም፣ የኤጀንሲ ክፍያ ነው። ግን ገበያው ማንን ርካሽ እንደሚል ያሳያል። ኬንያና ኡጋንዳ ከእኛ በላይ ስለሆኑ ነገሩ የቆዳ ቀለም ብቻ አይደለም፤ በእኛ እምነት መንግሥታት የሚደራደሩበት አቅምም አለበት።

ደመወዙም ያው ነው። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. ከሳዑዲ ጋር ስትፈራረም መነሻው 1,000 ሪያል ሆነ። ፊሊፒንስ ግን ከዚያ ቀደም ብላ 400 ዶላር፣ ማለትም 1,500 ሪያል ገደማ፣ አስከብራለች። ማብሰሉ፣ ማጠቡ፣ ልጅ መያዙ አንድ ነው።

ትምህርትስ? አዋጅ 923/2008 ከአገር ለሚወጣ ሠራተኛ 8ኛ ክፍል መጨረስን ጠይቆ ነበር። የሙሳነድ ዝርዝር ግን ዜግነት እንጂ ክፍል አይጠይቅም። 12ኛ የጨረሰችውም በ2023 እዚያው 5,900 ላይ ነበረች።

በኦቦክና በየመን በኩል ለሚገባ ደግሞ ኢቃማ ስለሌለ ይህም መነሻ አይሠራለትም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ትተው ነው የመጡት።