የብሪስቶል ሰዎች የነጻነት በዓል

የአገር በዓል ሁለት ዓይነት አከባበር አለው። አንዱ በዋናው ከተማ በመድፍ ተኩስ፣ በወታደር ሰልፍና በሹማምንት ንግግር የሚከበረው ነው። ሁለተኛው በትንንሽ ከተሞች አያትና የልጅ ልጅ፣ አጎትና አክስት፣ ሩቅ አገር የሄደውም ከቀዬው ያልተለየውም በአንድ ቤት ተሰብስቦ የሚያከብረው ነው። በዓልን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የሚያሻግረው ግን ምን ዓይነት ታሪክ እንደ ሆነ ሊመረመር ይገባል። ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ የብሪስቶልን ነገር ላጫውታችሁ።

ብሪስቶል በሰሜን አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ በምትባለው ትንሽ ግዛት ውስጥ፣ በባሕር ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ነዋሪዎቿ 22 ሺህ ያህል ናቸው። የአሜሪካኖች የነጻነት በዓል በእነርሱ ጁላይ 4፣ በእኛ ሰኔ 27 ቀን ይውላል። እኛ ክረምቱ ገብቶብን ጃንጥላ በምንፈልግበት ሰሞን በዚያ አገር ፀሐይ የሚበረታበት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወራት ነውና በዓሉ የደጅ በዓል ነው፤ ሥጋው በፍም ላይ የሚጠበሰው፣ ምሳውም የሚበላው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው።

የቅኝ አገሮቹ እንደራሴዎች በፊላዴልፊያ ተሰብስበው ከእንግሊዝ ንጉሥ ለመለየት የወሰኑት በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1776 ዓ.ም. ጁላይ 2 ቀን ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቶማስ ጄፈርሰን ያረቀቀውን አዋጅ ያጸደቁት ግን ጁላይ 4 ነው። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ጆን አዳምስ ወደ ፊት የሚከበረው 2ኛው ቀን ይሆናል ብሎ ለሚስቱ ጽፎላት ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአዋጁ ራስ ላይ የተጻፈውን ቀን መረጠ።

ብሪስቶል ነጻነቱን በወሬ ብቻ የሰማች ከተማ አይደለችም። በ1775 ዓ.ም. በኦክቶበር የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወደ ወደቧ መጥተው በመድፍ ደበደቧት፤ አዛዡም ከብትና በግ አምጡ አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ 40 በጎች ተሰጥተውት ሄደ። በ1778 ዓ.ም. ደግሞ ወታደሮች በየብስ መጥተው ቤቶችን አቃጠሉ። ጦርነቱ በውል ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1785 ዓ.ም.፣ ሄንሪ ዋይት የተባለ ቀድሞ ወታደር የነበረ ቄስ ሕዝቡን ሰብስቦ ጁላይ 4ን በጸሎትና በምስጋና አስከበረ። የከተማው ሰዎች በአገሩ ሁሉ ሳይታጎል በመከበር የእኛን በዓል የሚቀድመው የለም እያሉ ይኮራሉ።

ዛሬም ዝግጅቱ የሚጀመረው ከጁን 14፣ ከሰንደቅ ዓላማ ቀን አንሥቶ ነው። ሰልፉ የሚያልፍበት ሆፕ ስትሪት፣ ትርጓሜው የተስፋ መንገድ የሆነው ጎዳና፣ መካከለኛው መስመር እንደ ሌላው አገር መንገድ ቢጫ ሳይሆን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው። በየደጁ ወንበር ተደርድሮ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሕፃናት ከእግራቸው ሥር ይቀመጣሉ። ከሁሉ ደስ የሚለኝ አንድ ልማዳቸው ነው፤ የብሪስቶል ተወላጅ ሆኖ ለበዓሉ ከሁሉ ርቆ ከሚገኝ ስፍራ ወደ ቤቱ ለመጣው ሰው ሽልማት ይሰጡታል። የዘመድ ናፍቆትን በአደባባይ የሚሸልም ከተማ መቼም ብዙ አይገኝም።

እንግዲህ አያት ለልጅ ልጁ የ40ዎቹን በጎች ታሪክ ሲነግረው ልጁ ይስቃል፤ ስለ ተቃጠሉት ቤቶች ሲነግረው ይቆጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሰልፉ በሆፕ ስትሪት ሲያልፍ ሊንደን ፕሌስ ከሚባል ዓምዶቹ ነጭ ከሆኑ ታላቅ ቤት ፊት ይደርሳል። ልጁ ይህን የመሰለ ቤት ማን ሠራው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ትልልቆቹ የሚፈሩትን ጥያቄ አንሥቶ የሚጠይቅ አንድ ትንሽ ልጅ ከክፍሌ ጠፍቶ አያውቅም።

ቤቱን በ1810 ዓ.ም. ያሠራው ጆርጅ ዲወልፍ ነው። የዲወልፍ ቤተ ሰብ ሀብት የተገኘው ሰው በመሸጥ ነው። መርከቦቻቸው ረም የተባለውን መጠጥ ጭነው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ይሄዳሉ፤ በመጠጡ ሰው ይለውጣሉ፤ ሰዉን በኩባና በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይሸጣሉ፤ ከዚያ የስኳር ዝቃጭ አምጥተው እንደ ገና ረም ያስጠምቃሉ። እንዲህ አድርገው በሦስት ትውልድ ከ10 ሺህ የሚበልጡ አፍሪካውያንን አጋዙ። የሮድ አይላንድ ሕግ ይህን ንግድ በ1787 ዓ.ም. ከልክሎ ነበር፤ እነርሱ ግን አልተዉትም። በ1804 ዓ.ም. የጄምስ ዲወልፍ አማች የሆነው ቻርልስ ኮሊንስ የብሪስቶል የጉምሩክ ሹም ሆነ። የሾመውም ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል የሚለውን አዋጅ የጻፈው ያው ጄፈርሰን ነው። ጄምስም በኋላ በ1821 ዓ.ም. በዋሽንግተን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ሆነ።

ይህ የአንድ ቤት ኀጢአት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ገመድ የፈተለውን፣ በርሜል የሠራውን፣ ለመርከቡ ገንዘብ ያዋጣውን ጎረቤት ይቁጠር። ጆርጅ በ1825 ዓ.ም. ከስሮ በሌሊት ወደ ኩባ ሲኮበልል ብዙ የከተማው ሰው አብሮት የከሰረው ገንዘቡ ከእርሱ ዘንድ ስለ ነበረ ነው። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በዓሉ ይከበር ነበር።

ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1852 ዓ.ም. በሮቸስተር ከተማ ስለ በዓሉ ንግግር እንዲያደርግ ሲጋበዝ የተናገረው በጁላይ 4 ሳይሆን በማግስቱ ነው። ይህ ቀን ለባሪያው ምኑ ነው ብሎ አድማጮቹን በብርቱ ጠየቃቸው።

በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር ማንሣት ደስታ ማደፍረስ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የበጎቹን ታሪክ ነግሮ የመርከቦቹን የሚደብቅ አያት ልጁን በራሱ ቤት እንግዳ ያደርገዋል፤ ልጁ እውነቱን ከባዕድ በሰማ ጊዜ የበጎቹንም ታሪክ መጠራጠር ይጀምራል።

ከዲወልፍ ልጅ ልጆች አንዷ ካትሪና ብራውን ለዘመዶቿ አብረን የአባቶቻችንን መንገድ እንከተል ብላ ጥሪ አቀረበች። ጥሪው ለብዙዎች ቢደርስም ተነሥተው የሄዱት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። አሥሩ ሆነው ከብሪስቶል ጀምረው በጋና ባሕር ዳር ባሪያ ይታጎርባቸው የነበሩትን ምሽጎች አይተው እስከ ኩባ ደረሱ። በየመንገዱ ተከራከሩ፣ አለቀሱም፤ ምን ማድረግ ይገባናል በሚለው ሁሉም አንድ አልሆኑም። ይህን የሚያሳየው ፊልም በ2008 ዓ.ም. ወጣ። ሊንደን ፕሌስ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ሰልፉም በየዓመቱ በደጁ ያልፋል።