አልነሳ ያለ ኤንትሬ

በአማርኛ ሞተር አይጀመርም፤ ይነሳል። እንደ ሰው ከእንቅልፉ፣ እንደ በሬ ከተኛበት። አልነሳ ሲልም የተኛ በሬ የሚደርስበት ሁሉ ይደርስበታል፦ ይባበላል፣ ይገፋል፣ ይሰደባል። ከዚህ ከማስነሳት በቀር ግን በጋራዡ ውስጥ ያለው ቃል አብዛኛው የጣሊያን ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው «ሞተሪኖ» ትንሽ ሞተር ማለት ነው፤ ጣሊያኖቹ ከኋላው «የማስነሻ» የሚል ይጨምሩበታል፣ የእኛ መካኒክ ግን ግማሹን ወስዶ ግማሹን ተወው። «ካንዴላ» ሻማ ነው። «ታኮ» የጫማ ተረከዝ ነው። «ፍሪሲዮን»፣ «ፖምፓ»፣ «ናፍታ» ሁሉም ከዚያው ናቸው።

እነዚህ ቃላት በመጽሐፍ አልመጡም። ፊያት 634 የተባለው የናፍታ ከባድ መኪና እ.ኤ.አ. በ1931 ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፋሺስቱ ጦር ኢትዮጵያን ሲወርር ስንቅና ጥይት ካመላለሱት መኪኖች አንዱ ሆነ። መንገዱ ሲሠራ፣ ዋሻው ሲፈለፈል፣ መኪናው ሲበላሽ፣ ከጣሊያኑ መካኒክ ጎን ቆሞ መፍቻ የሚያቀብል አንድ ልጅ ነበር። ወራሪው በ1941 ተሸንፎ ሲወጣ ብዙ ጣሊያኖች በአገሩ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ አቀባዩ ልጅም አድጎ መካኒክ ሆነ። አስመራ ላይ ደግሞ ትምህርቱ ከዚያ በብዙ ዓመታት ቀድሞ ተጀምሯል። የወረራ ታሪክ ስንጽፍ ስለ መርዝ ጋዙና ስለ አርበኞቹ መጻፋችን ተገቢ ነው። መፍቻ ያቀብል የነበረውን ልጅ ግን እስካሁን በቅጡ አልጻፍነውም።

የዚያ ልጅ ዕድሜ ልክ ጓደኛ የሆነው ፊያት 682 ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ተሠርቶ ወጣ፤ በኋላ የመጣው ኤን 3 የተባለው ዓይነት በጣሊያንኛ አጠራሩ «ኤንትሬ» ተብሎ በአማርኛ ቀረ። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ ሞተር፣ ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ የሌለው። በአፍሪካ ብዙ አገሮች ሠርቷል፤ ለዚህ አህጉር ሲባል ምርቱ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ዘልቋል። በእኛ አገር ዋና ሥራው ከአሰብ ወደብ እስከ አዲስ አበባ መመላለስ ነበር፦ ከባሕር ወለል፣ ከአፋር እሳት ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በጥቅምት ውርጭ ማደር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የናፍታ ሞተር ካንዴላ ለኩሶት አይነሳም። አየሩን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር ይግላል፤ ናፍታው ሲረጭበት ይቀጣጠላል። ብረቱ ከቀዘቀዘ ግን ያንን ሙቀት ይሰርቃል፤ በ3000 ሜትር ላይ ደግሞ አየሩ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባትሪውም በብርድ ይደክማል፤ ዘይቱ ይወፍራል። ሞተሪኖው ከሁሉ ይልቅ ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት ጉልበት ያጣል።

ጥሩ ሾፌር በሽታውን በጆሮው ይለያል። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው፤ ከእሱም በፊት የባትሪው ጫፎችና ወደ ሻንሲ የሚሄደው ገመድ። ዝገት ወይም ነጭ ዱቄት ከያዘው፣ ሙሉ ባትሪ እንኳ ቢሆን አቅሙን አያደርስም። አላዋቂው ሞተሪኖ ያስፈታል፤ አዋቂው ገመዱን ፈቶ ይፍቃል። ሞተሪኖው እያቃሰተ በዝግታ ካዞረ አሁንም ባትሪና ገመድ ነው። በደንብ እየዞረ ጭስ ጨርሶ ካልወጣ፣ ናፍታ ሲሊንደሩ ዘንድ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ከወጣ ደርሷል፣ ግን አልነደደም፤ ያኔ ብርዱ ወይም የደከመ ፒስቶን ይጠረጠራል።

ናፍታ አልደረሰም ማለት ብዙ ጊዜ አየር ገብቷል ማለት ነው። ታንከሩ አንዴ ከተራቆተ ወይም ፊልትሮው ከተቀየረ መስመሩ ውስጥ የቀረው አየር ፖምፓውን ያታልለዋል፤ አየር ይጨመቃል እንጂ ኖዝሉን አይከፍትም። ስለዚህ የፊልትሮው መተንፈሻ ብሎን ላላ ይደረጋል፤ በእጅ ፓምፑ እየተገፋ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍታ እስኪፈስ ይጠበቃል፤ ከዚያ ፖምፓው፣ በመጨረሻ ወደ ኖዝል የሚሄዱት ቱቦዎች። አስቸጋሪው ከታንከሩ እስከ መሳቢያው ፓምፕ ያለው መስመር ነው። እዚያ ያለ ቀዳዳ ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ናፍታ ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ይችላል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ፖምፓ በከንቱ እንደተፈታ እግዜር ይወቀው።

በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ አዲስ ባትሪ ማግኘት ራሱ ሥራ ሆነ። የደከመ ባትሪ ያለው ሾፌር መፍትሔው ቁልቁለት ነበር፦ ማታ መኪናውን አፉን ወደ ታች አድርጎ ያቆማል፣ ረዳቱ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ታኮው ድንጋይም ግንድም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ረዳቱ ታኮውን ይነቅላል፣ መኪናው ይንደረደራል፣ ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቃል። እንዲህ ዓይነቱ አሮጌ ሞተር አንዴ ከተነሳ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ፖምፓው በራሱ በሞተሩ ይዞራል።

ነገር ግን የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ግፊት ይሠራል፤ አየሩን የሚሞላው ደግሞ ሞተሩ ነው። ሌሊቱን አየሩ ቀስ እያለ ካመለጠ፣ ጠዋት በቁልቁለቱ የሚንደረደረው ጭነት የረባ ፍሬን የለውም። ሞተሩ ከተነሳ ይተርፋል፤ ካልተነሳ የእጅ ፍሬንና ዕድል ብቻ ይቀራሉ። ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ነው። ረዳቱ ግን ከጎማው ፊት ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ነቅሎ፣ እግሩን አሽሽቶ፣ ድንጋዩን አንስቶ፣ ከሚሄደው መኪና ጋር ሮጦ በሩ ላይ መንጠልጠል አለበት። ድንጋዩን የሚያነሳበት ምክንያት ነገ ማታም ስለሚያስፈልግ ነው። ብዙ ረዳት ደመወዙ ትንሽ፣ መኝታው ጭነቱ ላይ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ የማውጣት ተስፋ ነው ያቆየው። ዛሬ በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ መሪ ከጨበጡት ያገራችን ሰዎች መካከል አባቱ ወይም አጎቱ በዚያ ተስፋ የኖረ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ አይሱዙው፣ ከዚያም የቻይናው ሲኖትራክ መጣ። የአሁኑ ሞተር ኮምፒውተሩ ኃይል ካላገኘ በቁልቁለት ቢንደረደርም አይነሳም። ሞተሪኖው ግን ዛሬም ሞተሪኖ ይባላል፤ ረዳቱም ሽቅብ ላይ ሲቆሙ አሁንም ታኮ ይዞ ይወርዳል።