የጁሐ አህዮች

ጁሐ አሥር አህዮች ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንዱ ላይ ተቀምጦ ቢቆጥራቸው ዘጠኝ ሆኑበት። ደንግጦ ወረደና ቆጠረ፤ አሥር ናቸው። ተቀምጦ ደገመው፤ ዘጠኝ! በመጨረሻ አንድ አህያ ከማጣ በእግሩ መሄድ እንደሚሻለው ወስኖ ሁሉንም እየነዳ ገባ ይባላል።

ይህን ሰምቶ የማይስቅ ልጅ የለም። አንዳንድ ወላጆች ግን እንዲህ ያለውን ወግ ከዲን ትምህርት የማይገጥም ዋዛ ፈዛዛ አድርገው ይቆጥሩታል። የቀደምት ዑለማዎች ታሪክ የሚያሳየን ከዚህ የተለየ ነው። የባግዳዱ ኢብኑ ነዲም በ377 ዓመተ ሒጅራ (በ987 እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀው የመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የጁሐ ወጎች መጽሐፍ ተመዝግቦ ይገኛል።

በይበልጥ የሚያስገርመው ግን በ597 ዓመተ ሒጅራ (በ1201 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢብኑል ጀውዚ ናቸው። እኚህ የሐንበሊ መዝሀብ ሊቅ በተግሣጻቸው የባግዳድን ሕዝብ የሚያስለቅሱ፣ በሃይማኖት ጉዳይ ፊት የማይሰጡ ሰው ነበሩ። ታዲያ ስለ ቂሎችና ዝንጉዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፉ፤ ስሙም «አኽባሩል ሐምቃ ወል ሙገፈሊን» ይባላል። ምክንያታቸውንም በመግቢያው አስቀምጠዋል፦ አንባቢው የተሰጠውን አእምሮ አውቆ አላህን እንዲያመሰግን፣ ከዝንጋታ መንገድ እንዲርቅ፣ የደከመ ልቡም እንዲያርፍ። ጁሐንም አልዘነጉትም። ብልህነቱን የሚያመለክት ወሬ እንዳለም ጠቅሰዋል። የዋህ ነው ወይስ የዋህ መስሎ ሰውን የሚፈትን? አህዮቹን የቆጠረው ሰው የዘነጋው የተቀመጠበትን ነውና እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

የነገሩ ሥር ግን ከባግዳድ ይቀድማል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት አንድ ሰው የሚጋልበው እንስሳ ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። እርሳቸውም በግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት። ሰውየው ጡት ያልጣለ ግልገል መስሎት ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ጠየቀ። ትልቁንም ግመል የወለደችው ግመል መሆኗን አስታወሱት። በቀልዱ ውስጥ አንዲት ሐሰት እንደሌለች ልብ ይሏል። ሰውን ለማሳቅ የሚዋሽን ሰው ነቢዩ አጥብቀው አስጠንቅቀዋልና ድንበሩ እዚህ ላይ ነው።

በቱርክ አገር ጁሐ ከነስረዲን ሆጃ ጋር አንድ ሆኗል። በአክሸሂር ከተማ በሚገኘው መቃብሩ ላይ የተቀረጸው ዓመት 386 ይላል። ሆጃው ግን የኖረው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ የአገሩ ሰው ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት 683 ብሎ ያነበዋል፤ እርሱም 1284 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። መቃብሩ ደግሞ ዙሪያው ክፍት ሆኖ በሩ ላይ ብቻ ትልቅ ጋን ቁልፍ የተንጠለጠለበት በመሆኑ ዝነኛ ነው።