ሜክሲኮ በእንጅባራ ገበታ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ «የሜክሲኮ ምግብ ቤት» የሚል ታፔላ ተሰቅሎ አላየሁም። ሆኖም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ከተደረደሩት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ በያይነቱ ያዘዘ ሰው፣ ሳያውቀው ከሜክሲኮ ገበታ ይቆርሳል። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ ነገሩን በማስረጃ ማሳየት ነው፤ አያይዞም ውለታ የሚታወስበትንና የሚረሳበትን መንገድ አንባቢ ከእኔ ጋር እንዲያስብበት መጋበዝ ነው።

ነገሩን ያነሳሳው አንድ ወዳጄ ነው። ዳንግላ ተወልዶ ያደገ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በአሜሪካ የኖረ ሰው ነው። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ሳለ አንድ ዓርብ ቀን እንጅባራ ላይ ምሳ አብረን ተቀመጥን። ጨዋታው ወደ ምግብ ሲዞር፣ በሚኖርበት ሰፈር ስላለው የሜክሲኮ ምግብ ቤት ያወራኝ ጀመር። ገና ምግብ ሳይታዘዝ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ደቅቆ የተቀላቀለበት ማባያ ይቀርባል አለ። ቶርቲያ የሚሉት ስስ የበቆሎ ቂጣ ትኩስ ትኩሱን ይመጣል፤ ወጡን በእሱ እየጠቀለሉ በእጅ ይበላሉ አለ። በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን ደግሞ ቤቱ በሰው ስለሚጨናነቅ መቀመጫ አይገኝም። ይህን ሁሉ ከተረከልኝ በኋላ የቀረበልንን ትሪ አየት አድርጎ፣ «እዚህ ግን ምን አለ? ያው የጥንቱ ሽሮና ምስር ነው» አለኝ።

እኔም ወደ ባለቤቷ ዞሬ፣ «እትዬ፣ ይህ በርበሬ የየት አገር ነው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«የቡሬ ነዋ! የየት ሊሆን ኖሯል?» አሉኝ፣ ጥያቄው ራሱ አስገርሟቸው።

እትዬ እውነታቸውን ነው። ጎረቤታችን ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች ናት። የቡሬ ገበሬ ዘርቶት፣ ኮትኩቶትና ለቅሞት፣ የእንጅባራ ሴት ቀንጥሳ፣ አድርቃና አስፈጭታ ለወጥ ካበቃችው፣ ከዚህ የበለጠ የአገር ልጅ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ወዳጄም እትዬም ያላሰቡት ሌላ ታሪክ ከዚያ ትሪ ላይ ነበር።

ለመሆኑ ትሪው ላይ የነበረው ምን ነበር? በርበሬ የበዛበት ቀይ ምስር፣ ሽሮ፣ የቲማቲም ስልስ፣ ሽንኩርት የተጠቀጠቀበት የቃሪያ ስንግ፣ ድንች አልጫና ጥቂት የዱባ ወጥ። ምስሩን፣ ሽሮውንና ሽንኩርቱን እንተዋቸው፤ እነሱ በእኛና በጎረቤቶቻችን ዘንድ ከጥንት የኖሩ ናቸው። ጤፍማ የራሳችን ነው። የቀረው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ነው።

ከበርበሬ እንጀምር። ዛሬ በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የምንላቸው ሁሉ ዘራቸው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ለበርበሬያችንና ለቃሪያችን ወላጅ የሆነውን ተክል ከዱር አውጥተው ያላመዱት የሜክሲኮ ጥንታዊ ነዋሪዎች ናቸው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 የአትላንቲክን ውቅያኖስ ከማቋረጡ በፊት በኢትዮጵያም፣ በህንድም፣ በጣሊያንም ይህን ተክል የቀመሰ ሰው አልነበረም። የእኛ የጥንት ወጥ የሚያቃጥለው በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝና በዝንጅብል ነበር። ስለዚህ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ለግብር ሲቀመጡ፣ ከፊታቸው ዛሬ ዶሮ ወጥ የምንለው ቀይ ወጥ አልቀረበም ማለት ነው። በርበሬው ገና በውቅያኖስ ማዶ ነበርና።

በቆሎም እንዲሁ ነው። ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ሜክሲኮ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎች ቴኦሲንቴ የሚባል፣ ፍሬው ጥቂትና ጠንካራ የሆነ የዱር ሣር ነበራቸው። ያንን ሣር በየዓመቱ እየመረጡ እየዘሩ፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ ዛሬ የምናውቀውን በቆሎ አደረጉት። የሣሩን ፍሬ አይቶ የበቆሎ አባት ነው ብሎ የሚገምት የለም። የእኛ አባቶች በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ብለው መጥራታቸው ከየት እንደመጣ መመስከራቸው ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ ያ እንግዳ በኢትዮጵያ በምርት ብዛት ከእህል ሁሉ ቀዳሚ ነው፤ ጤፍ የሚበልጠው በሚዘራበት የመሬት ስፋት ብቻ ነው።

ቲማቲምም ስሙን ይዞ ነው የመጣው። በሜክሲኮ ጥንታዊ ቋንቋ በናዋትል «ቶማትል» ይባላል። ቃሉ በስፔን በኩል አውሮፓን ዞሮ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ እኛ ዘንድ ቲማቲም ሆኖ ቀረ። ፍየል ነጋዴም ሆነ የታክሲ ረዳት ቲማቲም ባለ ቁጥር የአዝቴኮችን ቋንቋ ይናገራል ማለት ነው። ዱባና አደንጓሬም ከዚያው አህጉር የመጡ ናቸው። ለአዊ ሰው ኩራት የሆነው ድንች ግን የሜክሲኮ ልጅ አይደለም። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ልጅ ነው። ወደ አገራችን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ድንች የአዊን ደጋ እንዲህ ለምዶት፣ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ በእንጅባራ አቅራቢያ ባለው ሐይቅ ስም «ዘንገና» ተብሎ እስከ መጠራት ደረሰ።

ተመሳሳይነቱ በዘሩ ብቻ አያበቃም። የሜክሲኮ ገበሬ በቆሎን፣ አደንጓሬንና ዱባን በአንድ ማሳ ላይ አንድ ላይ ይዘራል፤ ይህን ማሳ ሚልፓ ይለዋል። አደንጓሬው በበቆሎው አገዳ ላይ ይጠመጠማል፤ ዱባው ሥር ሥሩን ተንሰራፍቶ መሬቱን ያለብሳል። በጎጃም የገበሬ ጓሮ ያየ ሰው ይህን ለማወቅ ሜክሲኮ መሄድ አያስፈልገውም። የሜክሲኮ ሴት ቶርቲያውን የምትጋግረው ኮማል በሚባል የሸክላ ምጣድ ላይ ነው። የእኛም ምጣድ ሸክላ ነው። እነሱም በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ ነበር፤ እኛም። እነሱም ቂጣቸውን ሳህንም ማንኪያም ያደርጉታል፤ እኛም እንጀራችንን። ይህን ግን ማንም ከማንም አልቀዳውም። ሁለት ሕዝብ፣ ሳይተዋወቅ፣ አንድ ዓይነት ብልሃት ላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ዘር በመርከብ ይጓዛል፤ ዕውቀት ግን ሁልጊዜ አብሮት አይሳፈርም። የሜክሲኮ ሴቶች በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት በኖራ ውኃ ይቀቅሉታል። ይህም ገለፈቱን ከማስለቀቁ በላይ፣ ሰውነት ሊያገኘው የማይችለውን አንድ ቫይታሚን ከፍሬው ውስጥ ነፃ ያወጣዋል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወሰዱ፤ ሴቶቹን ግን አልጠየቁም። በዚህም የተነሳ በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከበቆሎ ገንፎ በስተቀር ሌላ የሚበላው ያልነበረው የሰሜን ጣሊያን ድሃ ገበሬ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቀ፤ ቆዳው ተላጠ፤ አእምሮው ታወከ። የኖራውን ብልሃት የእኛም እናቶች አልሰሙም። ግን በቆሎውን ብቻውን አልተዉትም። ከጤፍ ጋር ቀላቅለው፣ አቡክተው፣ እንጀራ አደረጉት፤ ከሽሮና ከምስር ጋር አቀረቡት፤ ከባቄላ ጋር ንፍሮ ቀቀሉት፤ ለጠላም አዋሉት። በርበሬውንም ከኮረሪማ፣ ከጥቁር አዝሙድ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር አዋሕደው፣ ሜክሲኮያዊ ቢቀምሰው የእኔ ነው ሊለው የማይችለውን ቅመም ፈጠሩ።

ስለዚህ ወዳጄ «የጥንት» ያለው ትሪ ከአዲስ እንግዶች ጋር የተሠራ ነው። እትዬ «የቡሬ ነው» ማለታቸውም ልክ ነው። ምግብን የአንድ ሕዝብ የሚያደርገው ዘሩ የበቀለበት አገር ብቻ ሳይሆን፣ ያለመደው፣ ያቦካውና ያጣፈጠው እጅ ነው።

ወደ ሌላው ውለታ ልሻገር፤ ይህኛው ወዳጄ ካነሳው ቀን ይጀምራል። ሜይ 5 ቀን የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች በአሜሪካ የሚጨናነቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ዕለት የሜክሲኮ ጦር ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ወራሪ ጦር ስላሸነፈ ነው። ያው ሜይ 5 በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አጼ ኃይለ ሥላሴ ወደ መዲናቸው ተመለሱ። ዛሬ የአርበኞች ቀን ብለን እናከብረዋለን። የሁለት አገር የድል በዓል በአንድ ቀን መዋሉ አጋጣሚ ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ግን አጋጣሚ አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊቱን ሲያዞርብን፣ ብዙዎቹ መንግሥታት አንድ በአንድ የጣሊያንን ወረራ ተቀበሉ። አንቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዷ በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ ነበረች። በጄኔቭ መልእክተኞቿ ናርሲሶ ባሶልስና ከእሱ በኋላ የመጣው ኢሲድሮ ፋቤላ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ተከራከሩ። ሜክሲኮ የባሕር በር አልፈለገችብንም፤ ጎረቤታችንም አልነበረችም። ግን በትልልቅ መንግሥታት መወረር ምን እንደሆነ ከራሷ ታሪክ ታውቀዋለች።

በጄኔቭ ይህ ክርክር ሲደረግ የጎጃም አርበኞች፣ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ያንኑ «አንቀበልም» በጥይት ይናገሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ዘለቁ። በወርኃ የካቲትም ጣሊያኖች የዳንግላንና የእንጅባራን ምሽጎች ለቀው ሄዱ፤ የዳንግላው ጦር ወደ ባሕር ዳር፣ የእንጅባራው ወደ ቡሬ አፈገፈገ። ዛሬ መንገደኛ ምሳ የሚበላበት ጎዳና የዚያ ሽሽት ጎዳና ነው።

ከድል በኋላ ለሜክሲኮ ውለታ ምላሽ ተሰጠ። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ተሰየመ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎበኙ። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም አደባባይ ተሰየመ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ወሰደ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። እዚያ ያለ ሠራተኛ «ኢትዮጵያ ላይ እወርዳለሁ» ይላል፤ እዚህ ያለው «ሜክሲኮ ወራጅ አለ» ይላል። ሁለቱም ለምን እንደሚሉ ብዙ ጊዜ አያስቡም።

ለመንግሥት ውለታ አደባባይ ይሰየማል። ይህ የሚገባ ነው። ነገር ግን ለባልሳስ ሸለቆ ገበሬ፣ ለኮማሏ ሴት፣ የባሕር ማሽላን ዘር ከነጋዴ ተቀብሎ መጀመሪያ በጓሮው ለቀበረው አባት፣ በርበሬን ከኮረሪማ ጋር መጀመሪያ ለደለዘችው እናት፣ ማን አደባባይ ሰየመ? የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የዘመቻውን ቀን ይቆጥራል፤ የድስቱን ቀን አይቆጥርም። ሆኖም ከዘመቻው ይልቅ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ከእኛ ጋር የሚኖረው የድስቱ ታሪክ ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አልተቀመጥንም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሜክሲኮ የደረሰው ቡና ዘሩ ከኢትዮጵያ ጫካ ነው። ዛሬ በቺያፓስና በቬራክሩዝ ተራሮች ይበቅላል፤ ገበሬውም እንደ አባቱ ርስት ያየዋል። በሸክላ ድስት ከቀረፋና ከጥቁር ስኳር ጋር አፍልተው ይጠጡታል፤ እኛ በሸክላ ጀበና እንደምናፈላው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው፣ የሜክሲኮን ፈረሰኞች፣ ቻሮዎቹን፣ ቢያይ አይደነቅም። ፈረስ ለዛሬዋ ሜክሲኮ ከስፔናዊው ኮርቴስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1519 የመጣ እንግዳ ነው፤ ግን ዛሬ ቻሮ ከሌለ ሜክሲኮ አለች የሚል የለም። እንግዳውን አላምዶ የራስ ማድረግ የእኛ ብቻ ሙያ አይደለም።

«ይህ ባህላዊ ነው፤ ያ መጤ ነው» እየተባባልን በምግብም፣ በልብስም፣ በሰውም ላይ መከፋፈል ሲቃጣን፣ ለፍርድ ከመቸኮላችን በፊት ከፊታችን ያለውን ወጥ ቀለም እንይ። ቀይ ከሆነ፣ መጤው ከእኛ ጋር ቀድሞ ማዕድ ተቀምጧል።