ሆርሞንን በመለካት የማረጥን ጊዜ ለማወቅ የተደረገው ምርምር ታሪክ

ሴት ወደ ማረጫ ዕድሜዋ ስትቃረብ በሰውነቷ ውስጥ የሚደረገውን ለውጥ ሐኪሞች በምን መንገድ ለማወቅ ሞከሩ? ያገኙትስ መለኪያ ምን ያህል የሚታመን ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ መለኪያ ከማግኘቱ በፊት ስም አግኝቷል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ደ ጋርዳን በ1821 ስለዚሁ ዕድሜ ባሳተመው መጽሐፍ «ሜኖፖዝ» የሚለውን ቃል አስገባ። በዚያ ዘመን ለሐኪሙ የቀረበለት ዋና ምስክር የሴቲቱ ቃል ነበር፤ ይኸውም የወር አበባዋ መቼ እንደተዛባ፣ መቼ እንደቀረ፣ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ መቼ እንደሚያስቸግራት የምትናገረው ነው። «ሆርሞን» የሚለው ቃል ራሱ እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ በ1905 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር የገባ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ እንስሳ ነበር። በ1923 ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይሲ በአሜሪካ፣ በሴንት ልዊስ ከተማ፣ ኦቫሪያቸው የወጣላቸውን አይጦች ከኦቫሪ የተገኘ ፈሳሽ እየወጉ በብልታቸው ውስጥ ያለውን የሕዋስ ለውጥ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በ1929 ዶይሲ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት በጀርመን፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ኤስትሮን የተባለውን ሆርሞን ከነፍሰ ጡር ሴቶች ሽንት ለይተው አወጡ። ያረጡ ሴቶች ሽንት ደግሞ ኦቫሪን የሚያነቃቃ ሆርሞን በብዛት እንደሚገኝበት በዚያው ዘመን ታወቀ። ምክንያቱም ኦቫሪ ሲደክም፣ በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የተባለው ዕጢ ትእዛዙን ያበረታል፤ መልስ ያጣ ጠሪ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ማለት ነው።

ከዚህም በኋላ በኒውዮርክ ሮዛሊን ያሎና ሰሎሞን በርሰን ራዲዮኢሙኖአሴይ የተባለውን ዘዴ አገኙ፤ በ1960ም በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን የሚለኩበትን መንገድ በዝርዝር አሳተሙ። በርሰን በ1972 ስለሞተ በ1977 የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ያሎ ናት። በዚሁ ዘዴ ኤፍ ኤስ ኤች የተባለውን የፒቱታሪ ሆርሞን ከጥቂት ደም መለካት ተቻለ። ከእንግዲህ የአይጥ ምስክርነት አላስፈለገም።

ነገር ግን መለኪያው እየረቀቀ በሄደ መጠን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተገለጠ። ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ሆርሞን ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። በዚህ ወር ከፍ ብሎ የተገኘው ኤፍ ኤስ ኤች በሚቀጥለው ወር ዝቅ ሊል ይችላል፤ ኤስትሮጅንም አንዳንድ ጊዜ ከወጣቷ ሴት በልጦ ይገኛል። ስለዚህ የአንድ ቀን ደም የዚያን ቀን ነገር ብቻ ይናገራል። እንቅልፍ አጥታ፣ በላብ ተጠምቃ ወደ ሐኪም የሄደች ሴት «ምርመራሽ ደኅና ነው» ተብላ ብትመለስ፣ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ፍርዱ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ሊቃውንቱም በ2001 የማረጥን ደረጃዎች ሲወስኑ፣ በ2011ም ሲያሻሽሏቸው፣ ዋናውን መሠረት ያደረጉት የወር አበባን መለዋወጥ ነው፤ ሆርሞን ግን ደጋፊ ማስረጃ ሆነ። በ2015 የወጣው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያም ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ማረጥን ለመለየት ኤፍ ኤስ ኤች እንዳይለካ አዘዘ። ይህ ማለት ምርመራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከ40 ዓመት በታች ሆና የወር አበባዋ የቀረባት ሴት መመርመር ይገባታል፤ ያው መመሪያ ለእርሷ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት ያላቸው ሁለት ምርመራዎችን ጠይቋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው መለኪያው የሴቲቱን ቃል ሊተካ እንዳልቻለ ነው። ይህም ላቦራቶሪ በቅርብ ለማይገኝበት አገር ታላቅ ቁም ነገር አለው። በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ዕድሜዋን፣ የወር አበባዋን ሁኔታና የሚሰማትን ሕመም በትዕግሥት ከጠየቃት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ዋናውን ማስረጃ አግኝቷል። የሚቀረው ሴቲቱ ሳታፍር የምትናገርበትን ስፍራ ማዘጋጀት፣ የተናገረችውንም አምኖ መመዝገብ ነው።