ጭሮ የተባለው ድንች

አለማያ ሳለን በካፌው ድንች ወጥ የማይቀልድ አልነበረም። እኔ ላይ ግን ቀልዱ ይበረታ ነበር። የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነኝና «ዛሬም አገርህን በላነው!» ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1998 የለቀቀው የድንች ዝርያ ስሙ «ጭሮ» ነዋ።

ከኛ በኋላ ለመጣችሁ ነገሩን ባጭሩ ላውሳ። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 ነው ይባላል። የሐረርጌ ደጋ ተስማማው። ችግሩ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ገበሬው «ምች መታው» የሚለው በሽታ ማሳውን በጥቂት ቀናት ያጠቁረዋል። እ.ኤ.አ. በ1845 የጀመረውን የአየርላንድ ረሃብ ያመጣውም ይኸው በሽታ ነው። የአለማያ ተመራማሪዎች ሊማ፣ ፔሩ ካለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የመጡ መነሻ ዘሮችን በግቢያችንና በሂርና ማሳ ላይ እየተከሉ ምችን የሚቋቋመውን ለመለየት ዓመታት ፈጅተዋል። አለማያ 624 እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ፤ ከዚያ ጭሮ፣ ከዚያ ዘመንና ገቢሳ፣ በ2011 ደግሞ ቡቡ።

እኔም ዝርያው በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በጥር ዕረፍት፣ አንድ ኩንታል የጭሮ ዘር ገዝቼ በአይሱዙ ጫንኩና በቁሉቢ፣ በጨለንቆ፣ በሂርና አድርጌ አርበረከቴ ላለው አጎቴ አደረስኩ። ክፍል ውስጥ የተማርኩትንም አብሬ ዘረገፍኩለት። የዘር ድንች ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ጉንቁሉ እንደ ክር ይረዝምና ሲነኩት ይሰበራል። ፀሐይ በቀጥታ ሳያገኘው ብርሃንና ነፋስ በሚያስገባ ዳስ፣ በቆጥ ላይ ሳስቶ ከተረደረደ ግን ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል፤ ለወራትም ይቆያል። የባሕር ዛፍ ወራጅና የሣር ክዳን ይበቃዋል። ይህን ሁሉ ተናግሬ፣ ዳሱን ሳልሠራ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ሰኔ ላይ ስመጣ ማሳው ላይ ማሽላና ጫት እንጂ ድንች የለም።

«ዘሩስ?»

«አቦ ተማሪው! አልጋ ሥር አድርገነው ግማሹ በሰበሰ፣ ግማሹን በላነው። ሚያዝያ ላይ የማሽላው ጉድጓድ ባዶ ሆኖ፣ ቤት ውስጥ ድንች እያለ ልጅ ይራባል እንዴ? ደግሞ ይጣፍጣል፣ አትዘን!»

ያኔ በጣም ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የኔ ነው። ያመጣሁት ዝርያ ነው፤ ዳስም፣ እስከ ተከላ የሚያደርስ እህልም አላመጣሁም።

የድንች ነገር እንደ በቆሎ አይደለም። ለአንድ ሄክታር በቆሎ 25 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ ድንች 20 ኩንታል ያህል ይፈልጋል። ያቺ የኔ ኩንታል በአሥር እጥፍ ብትሰጥና አንድም ሳይበላ፣ ሳይሸጥ ለዘር ቢቀመጥ፣ ከሁለት ምርት በኋላ 100 ኩንታል ትሆናለች። ይህም ለአምስት ሄክታር ብቻ ነው! ስንት ድሃ ገበሬ ነው ሁለት ምርት ሙሉ ሳይነካው የሚጠብቀው? አብዛኛው ትልልቁን ይሸጥና ኮሳሳውን ለዘር ያስቀራል፤ ከኮሳሳው ጋር ቫይረሱና አጠውልጉ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ጫት ግን በተቆረጠበት ቀን ብር ነው። በኔ አስተያየት አዲስ ዝርያ በማውጣት የደከምነውን ያህል ዘሩን በማባዛቱ አልደከምንም። እኛ ተመራቂዎችም ብንሆን የምናወራው ስለ ዝርያ ስም እንጂ ስለ ቆጥ አይደለም።

ባለፈው ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ጭሮ ገበያ ወጣሁ። አንዲት የድንች ሻጭ ፊት ቆሜ፣ «እናቴ፣ ጭሮ የሚባለው ድንች አለ?» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ሁሉም የጭሮ ነው፤ ስንት ኪሎ ላድርግልህ?»

ሁለት ኪሎ ገዛሁ።