ከካሌንጌሬ የተነሳው ዋግ

እስቲ ቀረብ በሉ፣ የአንድ በሽታን መንገድ ላውጋችሁ። የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1998 ነው። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ደጋ፣ ካሌንጌሬ በሚባል የምርምር ጣቢያ፣ ዶክተር ዊልያም ዋጎይሬ የሚባሉ የስንዴ አዳቃይ በመደቦቹ መካከል ሲመላለሱ የግንድ ዋግ አዩ። ዋግ ለስንዴ ሰው ብርቅ አይደለም። የሚያስደነግጠው ያረፈበት ስንዴ ነበር፤ ኤስአር 31 የሚባለውን ተከላካይ ዘረ መል የያዘ። ይህ ዘረ መል በብዙ አገር ስንዴን ለዓመታት ያጠረ አጥር ነው። አጥሩ ተጥሷል። ናሙናው ደቡብ አፍሪካ ተመረመረ፤ አዲሱ የዋግ ዘርም ዩጂ 99 ተባለ።

ዋግን ላላየ ልንገረው። እሸቱ አምሮ፣ ገበሬው አጨዳውን እየቆጠረ ሳለ፣ አገዳው ላይ የጡብ ቀለም ያለው ቁስል ብቅ ይላል። በጣት ሲያብሱት ዱቄት ነው፤ ማሳውን አቋርጦ የወጣ ሰው ሱሪው ቀልቶ ይወጣል። ቁስሉ የአገዳውን ቆዳ ይቀደዋል፤ ውሃውና ምግቡ ዛላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ያም ሆኖ ይታጨዳል፣ ይወቃል። በመንሽ ወደ ላይ ሲወረወር ግን የኮሰመነው ፍሬ ከገለባው ጋር ይበራል። የዓመት ድካም እንዲህ ዓይን እያየ ይሄዳል።

ያ ዱቄት ነው እንግዲህ በነፋስ ተሳፍሮ ኬንያ የገባው። በ2003 ኢትዮጵያ ታየ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ2006 የመን፣ በ2007 ኢራን ተገኘ። በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት ኖርማን ቦርላግ በ2005፣ ዘጠናን አልፈው ሳለ፣ ዓለም እንዲነቃ ደወሉን ደወሉ። ያን ጊዜ ነው የጎረቤት አገሮች እርሻ አንዱ ለሌላው የተከፈተው።

ንጆሮን ልውሰዳችሁ፤ ኬንያ ነው፣ ደጋ። እዚያ መደቦቹ ዙሪያ ሆን ተብሎ በዋግ የሚሸነፍ ስንዴ ይዘራል። የዋጉ ብናኝ የተቀላቀለበትን ውሃ በመርፌ አገዳው ውስጥ ይወጉታል፤ በሽታው እንዲፋፋ ይንከባከቡታል። በመሃሉ ከብዙ አገር የመጡ ዘሮች በመስመር ቆመው ይፈተናሉ። ባለሙያው እየጎነበሰ አገዳውን በጣቱ ይዞ፣ ከመቶ ስንቱ እንደተበላ፣ ቁስሉም ትልቅ ይሁን ትንሽ ይመዘግባል። እኛም ጋ ደብረ ዘይት ላይ የማካሮኒ ስንዴ እንዲሁ ይፈተናል። የሰው አገር ዘር ተቀብሎ፣ በገዛ ማሳ ላይ በሽታ አሳድጎ ውጤቱን ለሁሉም መስጠት ትልቅ ጉርብትና ነው።

ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያም በአንድ የጋራ ፕሮግራም ሥራ ተከፋፈሉ። ኬንያ ወተትን፣ ኡጋንዳ ካሳቫን፣ ታንዛኒያ ሩዝን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ስንዴን ያዘች፤ የስንዴው ማዕከል አርሲ፣ ቁሉምሳ ነው። ይህን ክፍፍል እወደዋለሁ። ባጀቷ የሳሳ አገር ሁሉንም ልያዝ ብትል የሚጎዳው አንድ ጥማድ ያለው ገበሬ ነው።

ግን ዋግ አይተኛም። አርሲና ባሌ ያሉ አባቶች በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንኮይ የሚባለው ስንዴ እንዴት እንደወደቀ ያስታውሳሉ። ኋላ ዲገሉ መጣ። ዩጂ 99ን ቻለ፤ ገበሬው ወደደው፣ በሰፊው ዘራው። በ2013 መኸር ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጣና ያንኑ ዲገሉን አነደደው። አረንጓዴ የነበረ ማሳ በሳምንታት ውስጥ ጠቆረ። ይህን ሳወራ አሁንም ሆዴ ይባባል፤ ያ ገበሬ ጥፋቱ የተሰጠውን ምርጥ ዘር ማመኑ ብቻ ነበርና።

በ2015 ኪንግበርድ የሚባል ዝርያ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተለቀቀ። ኬንያም ኬንያ ኪንግበርድ ብላ ዘርታዋለች። አንድ ዘር፣ ሁለት አገር።

ገበሬው ዘሩን በቁና ሲሰፍር አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ይሄኛውስ ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚደፍር መላሽ የለም። ተተኪዎቹ ግን ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው፣ ንጆሮና ቁሉምሳ ላይ በበሽተኞቹ መካከል ቆመው እየተፈተኑ ነው።